የመጀመሪያው ጉትቻ ከምን ተሠራ? የኒኬል አለርጂና የልጆች ቆዳ

ጆሮዋን ከተበሳች ወራት ያለፏት ልጅ የጆሮዋ ጫፍ ሲያሳክካት፣ ውሃ ሲቋጥርና ሲቀረፍ በየቤቱ የሚሰጠው ምክንያት ይለያያል። አንዱ ቁስሉ በደንብ አልዳነም ይላል፤ ሌላው ጭርት ነው ብሎ የፈንገስ ቅባት ይመክራል፤ ሦስተኛው ልጅቷ ወርቅ አይስማማትም ብሎ ይደመድማል። ጉትቻው የተገዛበት ሱቅ ወይም የቴሌግራም ገጽ ደግሞ ዕቃው "አለርጂ የማያመጣ" እንደሆነ አስቀድሞ አስታውቆ ሊሆን ይችላል። እነዚህ አባባሎች ችግሩን ቢበዛ በከፊል ይነኩታል፤ አንዳንዶቹም ወደተሳሳተ ሕክምና ይመራሉ። በንክኪ አለርጂ ተጠርጥረው በሚመረመሩ ልጆች ላይ በብዙ አገሮች ከሁሉ በላይ ተደጋግሞ የሚገኘው መነሻ ኒኬል የተባለው ብረት ነው። አለርጂው አንዴ ከተፈጠረ በአብዛኛው ዕድሜ ልክ የሚቆይ በመሆኑ፣ ጉዳዩ መታየት ያለበት ሽፍታው ከወጣ በኋላ ብቻ ሳይሆን ጆሮው ከመበሳቱም በፊት ነው። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

መቆጣትና አለርጂ

ቆዳ አንድን ነገር በመንካቱ የተነሳ ሲያብጥ፣ ሲያሳክክና ሲቆስል ሐኪሞች የንክኪ የቆዳ ብግነት ይሉታል። ይህ ብግነት በሁለት መንገድ ይመጣል። የመጀመሪያው ተራ መቆጣት ነው። ሽንት የነካው ዳይፐር፣ በአገጭ ላይ የሚውል ለሃጭ፣ በረኪና ወይም ጠንካራ ሳሙና መጠኑና ጊዜው ከበዛ የማንንም ቆዳ ይጎዳል። በልጆች ላይ በብዛት የሚታየው ይኸኛው ነው፤ ምክንያቱ ሲወገድም ቶሎ ይሻላል።

ሁለተኛው አለርጂ ነው። እዚህ ላይ ንጥረ ነገሩ በራሱ ቆዳውን አያቃጥለውም፤ ቆዳውን የሚያቆስለው የልጁ የራሱ በሽታ ተከላካይ ሥርዓት ነው። ስለዚህም አንድ ዓይነት ጉትቻ ያደረጉ ሁለት እኅትማማቾች አንደኛዋ ስትታመም ሌላዋ ምንም ሳትሆን ልትቀር ትችላለች። በቤተሰብ ውስጥ "እኔም አድርጌው ምንም አልሆንኩ" የሚለው ክርክር ምንም የማያስረዳው ለዚህ ነው።

ሰውነት ኒኬልን የሚያስታውስበት መንገድ

ኒኬል ያለበት ዕቃ ቆዳ ላይ ሲውል ላብ ውስጥ ያለው ጨው ብረቱን ቀስ በቀስ ያሟሟዋል። ከዚህ የሚለቀቁት የኤሌክትሪክ ሙል ያላቸው ኢምንት ቅንጣቶች፣ ማለትም አዮኖች፣ የቆዳውን የላይኛ ንጣፍ አልፈው ሊገቡ ይችላሉ። ለብቻቸው ሲሆኑ የመከላከያ ሥርዓቱ የሚለያቸው ነገር የላቸውም፤ ከሰውነት ፕሮቲኖች ጋር ሲጣበቁ ግን ባዕድ መስለው ይታያሉ። በቆዳ ውስጥ ጠባቂ ሆነው የሚኖሩ ሕዋሳት ይህንን ጥምረት ይዘው በአቅራቢያ ወዳሉት የሊምፍ ዕጢዎች ይሄዳሉ፤ እዚያም ቲ ሴል ለተባሉት የመከላከያ ሕዋሳት ያሳውቃሉ። ኒኬልን የለዩት ቲ ሴሎች ይባዛሉ፣ ትውስታውንም ይዘው በደም ውስጥ ይዘዋወራሉ።

ኒኬል ከሌሎች ንጥረ ነገሮች በዚህ ረገድ ለምን እንደበረታ በከፊል ያብራራ ግኝት በ2010 ይፋ ሆኗል። በሰው ሕዋሳት ላይ ያለና የባክቴሪያን መምጣት ለማስጠንቀቅ የተፈጠረ አንድ ተቀባይ ፕሮቲን አለ፤ ኒኬል በቀጥታ እርሱ ላይ ተጣብቆ የሐሰት ማስጠንቀቂያ እንደሚያስነሳ ተረጋገጠ። የአይጥ ተመሳሳይ ፕሮቲን ለኒኬል የሚሆን መጣበቂያ ስለሌለው አይጦች በተፈጥሯቸው እንዲህ ዓይነት አለርጂ አይዛቸውም። ይህ ማለት ኒኬል ሁለት ሥራ በአንድ ጊዜ ይሠራል፤ ባዕድ ሆኖ ይታያል፣ ማስጠንቀቂያውንም ራሱ ያስነሳል።

ይህ የመጀመሪያ ምዕራፍ ቢያንስ ዐሥር ቀን ወይም ሁለት ሳምንት ይወስዳል፤ ብዙ ጊዜም ከወራትና ከዓመታት ንክኪ በኋላ ነው የሚፈጸመው። በዚህ ጊዜ ምንም ምልክት ላይታይ ይችላል። ሽፍታው የሚወጣው ትውስታው ከተፈጠረ በኋላ በሚኖረው ንክኪ ሲሆን፣ ያም ከአንድ እስከ ሦስት ቀን ይዘገያል። እሑድ ለቤተ ክርስቲያን ወይም ለሠርግ የተደረገ የአንገት ሀብል ማክሰኞ ሽፍታ ሲያወጣ፣ ቤተሰቡ የሚጠረጥረው ሰኞ የተበላውን ምግብ ነው።

ከዚህ ሌላ የሚከተል ነገር አለ። የምግብ ወይም የአቧራ አለርጂ በደቂቃዎች የሚነሳና በሌላ የመከላከያ መንገድ የሚሄድ ነው። ለእርሱ የሚደረገው የደም ምርመራና ቆዳን በመርፌ ጫር የማድረግ ሙከራ የኒኬልን አለርጂ አያሳይም። በየቤቱ የሚቀመጠው የአለርጂ ሽሮፕም የቲ ሴሎችን ሥራ አያስቆምም፤ ሕፃኑን እንቅልፍ ሊያስወስደው ይችል ይሆናል እንጂ ብግነቱን አያድነውም።

ከብረቱ ስም ይልቅ የሚለቀው መጠን

በሕዝብ ንግግር ውስጥ ትልቁ መምታታት ያለው እዚህ ላይ ይመስለኛል። አንድ ዕቃ ኒኬል አለው ወይስ የለውም የሚለው ጥያቄ ትክክል ቢመስልም በቂ አይደለም። ለቀዶ ሕክምና መሣሪያዎችና ለአንዳንድ ጉትቻዎች የሚውለው የማይዝግ ብረት ከመቶ ዐሥር እጅ በላይ ኒኬል ሊኖረው ይችላል። ሆኖም በላዩ ላይ የሚፈጠረው ስስ የክሮሚየም ኦክሳይድ ሽፋን ኒኬሉን አጥብቆ ስለሚይዘው የሚለቀው መጠን እጅግ አነስተኛ ነው። በአንጻሩ በርካሽ የሚሸጥ ወርቅ ቅብ ጉትቻ ሲታይ ወርቅ ነው፤ ነገር ግን ወርቁ ከሥር ካለው መዳብ ጋር እንዳይደባለቅ በመካከል የኒኬል ንጣፍ ማድረግ የተለመደ አሠራር ነው። ስሱ የወርቅ ቅብ በላብና በመፈተግ ሲለቅ ንጣፉ በቀጥታ ቆዳውን ይነካል። "መጀመሪያ ላይ ተስማማት፣ ከወራት በኋላ እምቢ አላት" የሚባለው ብዙ ጊዜ በዚህ ሊገለጽ ይችላል።

ወርቅ አይስማማትም የሚለው ድምዳሜም ከዚሁ ጋር ይያያዛል። ለራሱ ለወርቅ አለርጂ የሚሆኑ ሰዎች አሉ፤ ነገር ግን በልጆች ጆሮ ላይ መጀመሪያ መጠርጠር ያለበት በወርቁ ውስጥ ወይም ከሥሩ ያለው ሌላ ብረት ነው። 21 ካራት የሚባለውና ከባሕረ ሰላጤው አገሮች በብዛት የሚመጣው ወርቅ 87.5 ከመቶው ንጹሕ ወርቅ ነው፤ 18 ካራት 75 ከመቶ ነው። ቢጫ ወርቅ የቀረው ድርሻው በአመዛኙ ብርና መዳብ ስለሆነ ሥጋቱ አነስተኛ ነው። ነጭ ወርቅ ግን ንጣቱን የሚያገኘው አንዳንድ ጊዜ ከኒኬል ነው።

በብርም ረገድ ልዩነቱ ትልቅ ነው። በአገራችን አንጥረኞች ለብዙ ዘመን እያቀለጡ መስቀልና ጌጥ የሠሩበት የማሪያ ቴሬዛ ብር 83.3 ከመቶው ብር፣ የቀረው በአመዛኙ መዳብ ነው። በንግድ ዓለም "የጀርመን ብር" ወይም "ኒኬል ሲልቨር" የሚባለው ቅይጥ ግን ስሙ ቢያሳስትም ቅንጣት ብር የለበትም፤ የመዳብ፣ የኒኬልና የዚንክ ድብልቅ ነው። ሁለቱ ጎን ለጎን ሲቀመጡ በዓይን መለየት ለሸማች ቀላል አይደለም። በክርስትና ዕለት የሚታሰረው ማተብ ክር በመሆኑ በራሱ የብረት አለርጂ አያመጣም፤ በሕፃኑ አንገት ሥር ሽፍታ ሲወጣ ሊመረመር የሚገባው በክሩ ላይ የተንጠለጠለው መስቀል የተሠራበት ቅይጥ ነው።

ብር ሲጠቁር ወይም መዳብ በቆዳ ላይ አረንጓዴ ምልክት ሲተው ግን አለርጂ አይደለም። ብሩን የሚያጠቁረው በአየርና በላብ ውስጥ ያለ ድኝ ሲሆን፣ አረንጓዴው የመዳብ ዝገት ነው፤ በውሃ ይታጠባል፣ አያሳክክም።

ለምን ጆሮ?

ሰዓት፣ ቁልፍ ወይም የጂንስ ዘለበት ደርቆ ያልቆሰለ ቆዳን ነው የሚነካው። አዲስ የተበሳ ጆሮ ግን የተከፈተ ቁስል ነው። ጉትቻው የቆዳውን አጥር አልፎ በእርጥብ ሥጋ ውስጥ ለሳምንታት ቀንና ሌሊት ይቆያል፤ ቁስሉም በብግነት ላይ ስለሆነ ጠባቂዎቹ ሕዋሳት ቀድሞውኑ ነቅተዋል። ለኒኬል አለርጂ ከዚህ የተሻለ መግቢያ ማሰብ ያስቸግራል። ጆሯቸውን የተበሱ ልጃገረዶች ካልተበሱት ይልቅ አለርጂው እንደሚበዛባቸው፣ በሴቶችም ላይ ከወንዶች ይልቅ ተደጋግሞ እንደሚገኝ በብዙ አገሮች የታየው በዚህ ምክንያት ነው።

በኢትዮጵያ ሴት ልጅን ገና በጨቅላነቷ ጆሮዋን መበሳት የቆየ ልማድ ነው። ቀድሞ በብዙ ቤት ጆሮው በመርፌ ተበስቶ ቁስሉ እስኪድን ክር ይታሰርበት ነበር። ክር ኒኬል የለውም። በአንጻሩ ያልተቀቀለ መርፌና ያልጸዳ ክር መግልን፣ ከዚያም በላይ ቴታነስን የመሰለ ከባድ አደጋ ሊያመጣ ይችላል፤ ስለዚህ ወደ ቀድሞው አሠራር መመለስ መፍትሔ አይሆንም። ነገር ግን የድሮው ልማድ የጠበቀው አንድ ነገር ነበር፤ በክፍት ቁስል ውስጥ የሚለቅ ብረት አይቀመጥም ነበር። ዛሬ ይህንን ጥቅም ከንጹሕ መሣሪያ ጋር ማግኘት ይቻላል፤ ንጹሕ ታይታኒየም፣ ኒዮቢየም ወይም ለሕክምና የሚውል ፕላስቲክ ቁስሉ እስኪድን ማድረግ ይበቃል። ቢጫ ወርቅም ካራቱ ከፍ ያለና ቅብ አለመሆኑ የታወቀ ከሆነ ጥሩ አማራጭ ነው።

ስለ ዕድሜ የሚነሳው ክርክር አልተዘጋም። የአሜሪካ የሕፃናት ሐኪሞች አካዳሚ ልጅቷ ቁስሉን ራሷ መንከባከብ እስክትችል እንዲቆይ ይመክራል፤ ምክንያቱም በዋናነት ኢንፌክሽን ነው። ሌሎች ሐኪሞች ከተከተቡ በኋላ በንጹሕ መሣሪያ የሚደረግ መብሳት በጨቅላነትም ከባድ ችግር የለውም ይላሉ። ከአለርጂ አንጻር ግን ከዕድሜው በላይ ክብደት የሚሰጠው የብረቱ ዓይነት ነው።

ከዚህ ጋር የሚሄድ አንድ አስገራሚ ግኝት አለ። በስካንዲኔቪያና በፊንላንድ የተደረጉ ጥናቶች እንዳሳዩት፣ ጆሯቸውን ከመበሳታቸው በፊት የጥርስ ማስተካከያ ሽቦ ያደረጉ ልጆች ቅደም ተከተሉ ከተገለበጠባቸው ልጆች ይልቅ በኒኬል አለርጂ የመያዛቸው ዕድል ያነሰ ነው። ሽቦው በአፍ ውስጥ ጥቂት ኒኬል ይለቃል፤ በአፍና በአንጀት በኩል የሚገባን ነገር ግን የመከላከያ ሥርዓቱ እንደ ምግብ ለመቀበል ያደላል። ይህ ሽቦን ለመከላከያ ለማዘዝ የሚያበቃ አይደለም። ሆኖም ያው ብረት በየትኛው በር እንደገባ ውጤቱን እንደሚወስን ያሳያል።

ዴንማርክ ያደረገችው

አለርጂውን በሕግ መቀነስ እንደሚቻል ከማንም በፊት ያሳየችው ዴንማርክ ናት። በ1990 ገደማ ቆዳን ለረጅም ጊዜ የሚነኩ ዕቃዎች ሊለቁ የሚችሉትን የኒኬል መጠን ገደበች። ሕጉ ኒኬልን ፈጽሞ አልከለከለም፤ የለካው ከዕቃው በሳምንት የሚለቀቀውን ነው። በኋላ በዴንማርክ ተማሪ ልጃገረዶች ላይ የተደረገና በ2002 የታተመ ጥናት ጆሯቸውን ከሕጉ በፊት የተበሱትን ከሕጉ በኋላ ከተበሱት ጋር አነጻጸረ። በመጀመሪያዎቹ ላይ አለርጂው በ17.1 ከመቶ፣ በኋለኞቹ ላይ በ3.9 ከመቶ ተገኘ።

የአውሮፓ ኅብረት በ1994 ተመሳሳይ መመሪያ አወጣ፤ ሙሉ በሙሉ ሥራ ላይ የዋለው ከጥቂት ዓመታት በኋላ ነው። ገደቡ በአንድ ካሬ ሴንቲ ሜትር በሳምንት 0.5 ማይክሮ ግራም ሲሆን፣ በተበሳ ጆሮ ወይም በሌላ አካል ውስጥ ለሚገባ ክፍል 0.2 ማይክሮ ግራም ነው። "ረጅም ንክኪ" ማለት ምን እንደሆነ ግልጽ ስላልነበር አምራቾች በራሳቸው ይተረጉሙት ነበር። በ2014 የኅብረቱ የኬሚካል ኤጀንሲ በሁለት ሳምንት ውስጥ ከ10 ደቂቃ በላይ ሦስት ጊዜ ወይም ከ30 ደቂቃ በላይ አንድ ጊዜ መንካት በቂ ነው ብሎ አብራራው።

ይህ ልምድ ሁለት ዓይነት ንባብ ተሰጥቶታል። አንዳንዶች ለቆዳ በሽታ ከተደረጉት የመከላከል ሥራዎች ሁሉ እጅግ የተሳካው ነው ይላሉ። ሌሎች ደግሞ አለርጂው ቢቀንስም እንዳልጠፋ፣ ከሕጉ በኋላም በአውሮፓ ገበያ ውስጥ ከገደቡ በላይ የሚለቁ ጉትቻዎች እንደተገኙ ያስታውሳሉ። ሁለቱም እውነት ናቸው፤ ሕጉ በሠራበት ቦታ ሁሉ የሠራው በሱቅ ላይ ቁጥጥር ስለነበረ ነው። በአሜሪካ በአገር አቀፍ ደረጃ እንዲህ ያለ ገደብ የለም፤ የቆዳ ሐኪሞች ማኅበራት ግን እንዲወጣ ሲጠይቁ ቆይተዋል። ርካሽ ጌጣጌጥ በጅምላ በሚገባባቸው አገሮች አንድ ገበያ የማይቀበለው ዕቃ ወደ ሌላው የሚሄድበት ዕድል መኖሩ ሊያሳስብ ይገባል።

ለቁጥጥርም ሆነ ለቤተሰብ የሚያግዝ ቀላል ሙከራ አለ። ዳይሜቲልግላይኦክሲም የተባለ ኬሚካል ከአሞኒያ ጋር በጥጥ ተደርጎ ዕቃው ሲታሽበት፣ ኒኬል የሚለቅ ከሆነ ጥጡ ሮዝ ቀለም ይይዛል። ጌጡን አያበላሸውም። አስመጪዎችና ወርቅ ቤቶች ይህንን ቢያደርጉ "አለርጂ የማያመጣ" የሚለው ጽሑፍ ትርጉም ይኖረዋል፤ ያለ ልኬት ግን ቃሉ የንግድ ማስታወቂያ ብቻ ነው።

በጠቆረ ቆዳ ላይ እንዴት ይታያል?

የሕክምና መጻሕፍት ሥዕሎች ለረጅም ጊዜ የነጭ ቆዳን መቅላት ሲያሳዩ ኖረዋል። በጠይምና በጥቁር ቆዳ ላይ መቅላቱ ላይታይ ይችላል፤ ቦታው ይጠቁራል፣ ወደ ግራጫ ወይም ወደ ሐምራዊ ያደላል፣ በመታከክ ብዛት ይወፍራል፣ ይሻክራል። ብግነቱ ከዳነ በኋላም ጥቁረቱ ለወራት ሊቆይ ይችላል፤ ያ ጥቁረት ብግነቱ ትቶት የሄደ የቀለም ለውጥ እንጂ በሽታው አለመዳኑን የሚያሳይ አይደለም።

ቦታው ብዙ ይናገራል። የጆሮ ጫፍ፣ የአንገት ዙሪያ፣ የእጅ አንጓ፣ በተለይም ከእምብርት በታች የሱሪ ቁልፍና የቀበቶ ዘለበት የሚያርፍበት ቦታ ዋና ዋናዎቹ ናቸው። በወንዶች ልጆች ላይ ብዙ ጊዜ ብቸኛው ምልክት ይኸኛው ነው። ጭርት አብዛኛውን ጊዜ ዳር ዳሩ ከፍ ብሎ መሐሉ እየጠራ እንደ ቀለበት ይሰፋል፤ የኒኬል ብግነት ግን የነካውን ዕቃ ቅርጽ ይከተላል።

የሚያሳስተው ግን ሽፍታው ከንክኪው ርቆ ሲወጣ ነው። በእምብርት ዙሪያ ያለ ብግነት ሲበረታ በክንድ፣ በክርንና በጉልበት ላይ ጥቃቅን የሚያሳክኩ ሽፍታዎች ሊነሱ ይችላሉ። ይህ የመከላከያ ሥርዓቱ በመላ ሰውነት መነቃቃቱ ነው። ሐኪሙ ሆዱን ገልጦ ካላየ ልጁ ለወራት በተራ የችፌ ሕክምና ሊቆይ ይችላል። ችፌ ያለባቸው ልጆች የቆዳቸው አጥር የላላ በመሆኑ ኒኬል በቀላሉ ይገባባቸዋል የሚል አስተያየት አለ፤ ጥናቶቹ ግን በዚህ ላይ አንድ ዓይነት መልስ አልሰጡም። የማያከራክረው፣ ለተለመደው ሕክምና እምቢ ያለ ችፌ ላይ የንክኪ አለርጂ መፈለግ እንዳለበት ነው።

ምርመራውና ሕክምናው

እርግጠኛው ምርመራ የጀርመኑ ሐኪም ዮሴፍ ያዳስሶን በ1895 ያስተዋወቀው የልጥፍ ምርመራ ነው። የተጠረጠሩት ንጥረ ነገሮች በጥቂት መጠን በጀርባ ላይ ተለጥፈው ለ48 ሰዓት ይቆያሉ፤ ውጤቱ ሲነሱና ከዚያም በኋላ ከአንድ ወይም ከሁለት ቀን በኋላ እንደገና ይነበባል። በጨቅላ ሕፃናት ላይ ኒኬሉ ራሱ ቆዳውን አስቆጥቶ የሐሰት ውጤት ሊሰጥ ስለሚችል አንባቢው ልምድ ያለው የቆዳ ሐኪም መሆን አለበት። ምርመራው በማይገኝበት ቦታ ታሪኩና የሽፍታው ቦታ በደንብ ከተጠየቁ ብዙ ይረዳሉ፤ የተጠረጠረውን ዕቃ ለአንድ ወር ማስወገድ በራሱ ጥሩ ፍተሻ ነው።

ሕክምናው የሚጀምረው መንስኤውን በማራቅ ነው። የሱሪው ቁልፍ በፕላስቲክ ሊተካ ወይም ከውስጥ በኩል ወፍራም ጨርቅ ሊሰፋበት ይችላል። ቁልፉን በጥፍር ቀለም መቀባት ለጥቂት ቀናት ይረዳል፤ ለጆሮ ግን አይታመንም። ሐኪም የሚያዘው የስቴሮይድ ቅባት ብግነቱን ያበርዳል፤ ጥንካሬው እንደ ቦታውና እንደ ዕድሜው መመረጥ አለበት። ያለ ማዘዣ ከሚሸጡትና ፊትን ያጠራሉ ከሚባሉት ቅባቶች ውስጥ ብርቱ ስቴሮይድ የያዙ ስለሚገኙባቸው፣ እነርሱን በልጅ ቆዳ ላይ መቀባት ቆዳውን ያሳሳዋል። ቦታው መግል ከያዘ፣ ከሞቀ ወይም ልጁ ካተኮሰው ኢንፌክሽን ስለሚሆን ሳይቆይ መታየት ይገባዋል።

ስለ ምግብ የሚሰጠው ምክር ጥንቃቄ ይሻል። ባቄላ፣ ምስር፣ አተር፣ ለውዝና ቸኮሌት በተፈጥሯቸው ኒኬል አላቸው፤ እጅግ ብርቱ አለርጂ ያለባቸው ጥቂት ሰዎችም ከእነዚህ ሲቀነስላቸው እንደሚሻላቸው ተዘግቧል። ሽሮና ምስር የቤቱ ዋና የፕሮቲን ምንጭ በሆነበት ቦታ፣ በተለይም በጾም ወራት፣ ልጅን ከጥራጥሬ መከልከል የሚያመጣው ጉዳት ከሽፍታው ሊበልጥ ይችላል። ብረቱ ከቆዳ ርቆ ሽፍታው አልቆም ካለ ብቻ፣ ያውም በሐኪም ክትትል የሚሞከር ነው።

ከኒኬል ሌላ

ኮባልት ብዙ ጊዜ ከኒኬል ጋር ተደባልቆ ስለሚገኝ ለሁለቱም አለርጂ የሚሆኑ ልጆች አሉ። ክሮሚየም የሚመጣው በተለይ ከቆዳ ጫማ ነው፤ ቆዳ ሲለፋ የሚገባበት የክሮሚየም ዓይነት ብዙም ጉዳት የሌለው ቢሆንም ወደ አደገኛው ዓይነት ሊለወጥ ይችላል። የአውሮፓ ኅብረት ከ2015 ጀምሮ በቆዳ ውጤቶች ውስጥ ይኸኛውን በኪሎ ግራም 3 ሚሊ ግራም ላይ ገድቦታል። በእግሩ ጀርባ ላይ በሁለቱም በኩል የሚያሳክክ ሽፍታ ያለበት ልጅ ሲመጣ ጫማው፣ ሙጫውና ጎማውም ጭምር መጠርጠር አለባቸው።

አሉሚኒየም ለብቻው መነሳት ያለበት በክትባት ምክንያት ነው። በአንዳንድ ክትባቶች ውስጥ ኃይላቸውን ለማጎልበት የሚገባው የአሉሚኒየም ጨው በጥቂት ልጆች ላይ መርፌው በተወጋበት ቦታ የሚያሳክክ እብጠት ሊተው እንደሚችል በስዊድን በሰፊው ተጠንቷል፤ ከእነዚህ ልጆች ብዙዎቹም በልጥፍ ምርመራ ለአሉሚኒየም አለርጂ ሆነው ተገኝተዋል። እብጠቱ ይረብሻል፣ ወራት አልፎም ዓመታት ሊቆይ ይችላል፤ ነገር ግን ከጊዜ ጋር ይጠፋል፣ አለርጂውም በብዙዎቹ ላይ ይደክማል። ሐኪሞቹ የሰጡት ምክር ክትባቱ እንዲቀጥልና መርፌው በጡንቻ ውስጥ ጠለቅ ብሎ እንዲሰጥ ነው።

አለርጂው የተረጋገጠበት ልጅ ሲያድግ የጥርስ ሽቦ ወይም ለስብራት የሚገባ ብረት ቢያስፈልገው ሕክምናው አይከለከልም። አብዛኞቹ የኒኬል አለርጂ ያለባቸው ልጆች የጥርስ ሽቦን ያለ ችግር ይችሉታል፤ በአፍ ወይም በከንፈር ዙሪያ ብግነት ከታየም ኒኬል በሌለው ሽቦ ይተካል። ለአጥንትም የታይታኒየም አማራጭ አለ። ከወላጆች የሚጠበቀው የምርመራው ውጤት በልጁ የሕክምና ካርድ ላይ እንዲጻፍ ማድረግና ሽቦው ወይም ብረቱ ከመግባቱ በፊት ለሐኪሙ መንገር ነው።